ዶክተር ቆይ እና የልጄ አራት ጥርሶች

ቀርፋፋ ሰው አልወድም። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። ሃያ ስድስት ዓመት በጥርስ ክሊኒክ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ታካሚው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል መሰርሰሪያው ተገጥሞ፣ ጥጡ ተጠቅልሎ፣ ማደንዘዣው በመርፌ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። አሁን ጡረታ የወጡት ሽማግሌው ዶክተር፣ “ሲስተር፣ አንቺ እኮ ሳልጠይቅሽ ነው የምታቀብይኝ” እያሉ ይስቁ ነበር። እኔና እሳቸው በአንድ ጠዋት አሥራ ሁለት ጥርስ ሰርስረን፣ ሞልተን፣ እጃችንን ታጥበን ለምሳ የምንደርስ ሰዎች ነበርን። እሳቸው ወጥተው በቦታቸው ዶክተር ቆይ ስትመጣ እንዴት እንደበገንኩ ምን ብዬ ልንገራችሁ!

እናቷ ያወጣችላት ስም ዶክተር ቆይ አይደለም፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን አንድ የታክሲ ሾፌር መጣ። መንጋጋ ጥርሱ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነጥብ አለ። እኔ እንደለመድኩት መሰርሰሪያውን አቀበልኳት። እሷ እጇን እንኳ ሳትዘረጋ፣ “ቆይ” አለች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ አጸዳች። አየችው። በአየር እያደረቀች ከአንድ እስከ አምስት ቀስ ብላ ቆጠረች። እንደገና አየችው። ከኪሷ ደብተር አውጥታ፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ፣ ጥርሱን በእርሳስ ሳለችው። ሳለችው ነው የምላችሁ! በመጨረሻ በትንሽ ብሩሽ ቢጫ ቫርኒሽ ቀብታ፣ “ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ” ብላ ሸኘችው። ውጭ ዘጠኝ ሰው ተሰልፏል።

“ዶክተር” አልኳት ሰውየው እንደወጣ፣ “እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ነው እንዴ የምንጠብቀው?”

“አዎ፣ ሲስተር” አለች ፈገግ ብላ፣ “እኛ ካልሰበርነው ይሄዳል።”

በታካሚ ፊት “እርስዎ” እላታለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን ግን በዕድሜ ልጄ ትሆናለችና “አንቺ” ነው። እሷ በሰው ፊትም ሆነ ለብቻችን “እርስዎ” እንዳለችኝ ነው። ይሄም ያናድደኝ ነበር። ሰው እያከበረሽ እንዴት እንደልብሽ ትቆጪዋለሽ?

በዚያው ሳምንት ፕሮቦቹን በሙሉ ሰበሰበቻቸው። ፕሮብ የምንላት ጫፏ እንደ መርፌ የሾለ ቀጭን መሣሪያ ናት። ሽማግሌው ዶክተር የተጠራጠሩትን ጥርስ በእሷ ጫን አድርገው ይወጉታል፤ ከያዘች ቀዳዳ ነው፣ ይሰረሰራል፤ ካልያዘች ደህና ነው፣ ታካሚው ይሄዳል። ሕጋችን ይኸው ነበር፣ እኔም ሌላ ሕግ አላውቅም። ዶክተር ቆይ ግን ሁሉንም በጨርቅ ጠቅልላ ከታችኛው መሳቢያ ከተተቻቸው።

“ሲስተር፣ እነዚህ ነጭ ነጥቦች ገና ቀዳዳ አይደሉም” አለችኝ። “ከስኳር የሚፈጠረው አሲድ ማዕድኑን አጥቦ የወሰደው ከሥር ነው። ላይኛው ስስ ሽፋን ቆሟል። ጣሪያው እስከቆመ ድረስ ቤቱን ከውስጥ መጠገን ይቻላል። በሹል ነገር ከወጋነው ግን ጣሪያውን ያፈረስነው እኛው ነን።”

“ከውስጥ የሚጠግነው ማነው ታዲያ?”

“ምራቅ።”

“ምራቅ!” አልኩና ሳቄን ለቀቅሁት።

“ምራቅ ውስጥ ጥርስ የተሠራበት ማዕድን አለ። ቫርኒሹ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ደግሞ ማዕድኑ እንዲገባና እንዲጠነክር ያግዘዋል። እኛ ሠራተኛውን አንረብሽም፣ ዕቃ እናቀብላለን፣ እንጠብቃለን።”

ስስቅ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነበር። ሁልጊዜም እሸፍናለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የላይኛው የፊት ጥርሴ ላይ እንዲህ ያለች ነጭ ነጥብ ነበረች። ተወጋች፣ ፕሮቧ ያዘች፣ ተሰረሰረች፣ ተሞላች። ከአምስት ዓመት በኋላ ሙሌቱ ወለቀና ሰፋ ተደርጎ ተቆፈረ። ከዚያ ሥሯ ታከመ፣ ቆብ ተደረገላት፣ ቆቡ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻ ተነቀለች። አሁን በቦታዋ የሚወልቅ የፕላስቲክ ጥርስ አለኝ፤ ሽቦው የጎኗን ጥርስ ጨብጦ የያዘ፣ ስስቅ ብልጭ የሚል። እውነቱን ልናገር፦ በዶክተር ቆይ የተናደድኩት ስለዘገየች ብቻ አይደለም። እሷ ትክክል ከሆነች የኔ ጥርስ በከንቱ ሄደች ማለት ነው። ይህን ደግሞ በሃምሳ ዓመቱ ማን መስማት ይፈልጋል?

ልጄ አንድ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳቋ ስለማይቆም ስሟን ትተን ፍልቅልቅ ነው የምንላት። ጎረቤት ሲያስነጥስ እንኳ ትስቃለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ፣ ጥርሷ ተደራርቦ ስለበቀለ፣ ሌላ ቦታ ያለ ሐኪም ማስተካከያ ሽቦ ለጠፈላት። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ “ቦርሺ” እላለሁ፣ እሷ “ቦረሽኩ እኮ” ትላለች። ለስላሳ መጠጧን ይዛ ከሰዓቱን ሙሉ አንዳንድ ጉንጭ እያለች ታመሻለች። እኔ የሰው አፍ ስመረምር ውዬ የራሴን ልጅ አፍ አላየሁም። ሽቦው ሲፈታ ጥርሷ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብሏል፤ ግን በላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ላይ፣ ሽቦው ተለጥፎበት በነበረው ቦታ ዙሪያ፣ ነጭ የጠመኔ ምልክት ቀርቷል። የጥርስ ነርስ ልጅ! አፈርኩ።

ፍልቅልቅ መስታወት አየች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስትስቅ እጇ ወደ አፏ መሄድ ጀመረ። ቆይቶ ሳቁም ቀነሰ። የክፍላቸውን ፎቶ ይዛ ስትመጣ ፈልጌ አጣኋት፤ ለካ ከረጅሟ ልጅ ጀርባ ተደብቃ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው። አንጀቴን በላችው። የኔ ዕጣ ሊደርሳት ነው አልኩ። አንዴ መሰርሰሪያ የነካው ጥርስ በየጥቂት ዓመቱ ተመልሶ እንደሚቆፈር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? እሷ ደግሞ አንድ አይደለም፣ አራት ነው ያላት። ሌላ ሐኪም ጋ ብወስዳት ይሰረስራቸዋል፤ ዶክተር ቆይ ጋ ብወስዳት ትቆያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ መቆየቱ ይሻላል አልኩ። ምራቅን አምኜ አይደለም፣ መሰርሰሪያውን ፈርቼ ነው።

ዶክተር ቆይ አጸዳች፣ አየች፣ አደረቀች፣ እስከ አምስት ቆጠረች፣ ሳለች። “ሦስቱ የሚታዩት ሲደርቁ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ገና ላይ ላዩን ነው” አለች። “ይህቺ በግራ ያለችው እርጥብ ሆናም ትታያለች። ጠለቅ ብሏል። ቢሆንም ሽፋኗ ደህና ነው። ስድስት ወር ስጡኝ።”

ከዚያ ፍልቅልቅን እንደ ትልቅ ሰው አነጋገረቻት። ቫርኒሹን በየሦስት ወሩ እሷ ትቀባለች፤ የቀረው የፍልቅልቅ ሥራ ነው። ማታ ፍሎራይዱ ጠንከር ባለ የጥርስ ሳሙና ቦርሾ መትፋት፣ በውኃ አለመጉመጥመጥ። ከመተኛት በፊት ከወተት የተገኘ ካልሲየም ያለበት ክሬም በጣት መቀባት። ለስላሳውን ከጠጡ ከምግብ ጋር ጠጥቶ መጨረስ፣ ቀኑን ሙሉ አለመጎንጨት። “አንቺ ነሽ ዋናዋ ሐኪም፣ እኔ ረዳት ነኝ” አለቻት። ልጄ ከዚያች ቀን ጀምሮ መታጠቢያው ፊት ቆማ በሰዓት እያየች መቦረሽ ጀመረች። እኔ ሁለት ዓመት ጮኼ ያላመጣሁትን!

እኔ ግን ትዕግሥት ከየት ላምጣ? በየማለዳው “እስቲ አፍሽን ክፈቺ” እላታለሁ። ነጩ ያው ነጭ ነው። ሁለት ወር አለፈ፣ ያው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዶክተር ቆይ ቀድማ ወጥታ እኔ ዕቃ ሳጥብ ፍልቅልቅ የቤት ቁልፍ ልትወስድ መጣች። ወንበሩ ባዶ ነው፣ መብራቱ በእጄ ነው። “ነይ እስቲ ተቀመጪ” አልኳት። አደረቅሁ፣ አየሁ። ዳነ ወይስ አልዳነ? ይህን የማውቅበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ የታችኛውን መሳቢያ ከፍቼ ጨርቁን ፈታሁት።

የመጀመሪያዋን ጥርስ ጫን አልኳት፤ ፕሮቧ ተንሸራተተች። ደስ አለኝ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ። በግራ ያለችው ላይ ስደርስ እርግጠኛ ልሁን ብዬ ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ። አንድ ነገር ከጣቴ ሥር እንደ እንቁላል ቅርፊት ቅርጭጭ አለ። ፕሮቧ ያዘች።

“ምነው እማዬ?” አለች ልጄ።

“ምንም፣ የኔ እናት። ደህና ነሽ።”

ዋሸኋት። ፕሮቧን አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ በጨርቁ ጠቅልዬ መለስኩ። ቁልፉን ሰጥቼ ሸኘኋትና ወንበሩ ላይ ራሴ ቁጭ አልኩበት። ሌላ ሰው ባፈረሰው ጥርሴ ሠላሳ ዓመት ስሳቀቅ ኖሬ፣ አሁን በገዛ እጄ የልጄን ወጋሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይደለም።

በሦስተኛው ወር ቀጠሮ ዶክተር ቆይ እስከ አምስት ቆጥራ ሦስቱን አየች፣ “ጎበዝ! ማብረቅረቅ ጀምረዋል” አለች። በግራ ያለችው ላይ ስትደርስ መብራቱን አስጠጋች። ትንሿን የአፍ መስታወቷን ወደዚህ አዞረች፣ ወደዚያ አዞረች። አሁን ቀና ብላ ታየኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች ስል፣ ደብተሯን አውጥታ ሥዕሉ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ጨመረች። “ይህቺን ለብቻዋ እናያታለን” አለች፤ ቫርኒሹን ቀባች፣ በቃ። አላየችኝም፣ አልጠየቀችኝም። ቢያንስ ብትጮህብኝ ኖሮ ጮኼ እመልስላት ነበር።

ላም እሳት ወለደች አሉ፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ልናገር እላለሁ፣ ፍልቅልቅ በሰዓት እያየች ስትቦርሽ ሳያት ምላሴ ይታሰራል።

በእነዚያ ወራት ዶክተር ቆይ አዲስ ነገር አመጣች። በየታካሚው መስታወቱን እኔ እጅ ላይ እያኖረች፣ “ሲስተር፣ እርስዎ ምን ያያሉ?” ትለኝ ጀመር። መጀመሪያ “ነጭ” እላለሁ። “ምን ዓይነት ነጭ?” ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ዕቃ ሳቀብል አንድም ሐኪም ምን እንደማይ ጠይቆኝ አያውቅም። እያየሁ ስሄድ ለካ ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ደብዛዛና ሻካራ የሆነው ገና ማዕድን እየጣለ ያለ ነው፤ የሚያብረቀርቀውና ልሙጡ ያገገመ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ዓይን፣ አየርና መብራት ይበቃል፣ መውጋት አያስፈልግም። ያ የታክሲ ሾፌር ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ መስታወቱን ይዤ የመጀመሪያውን ሥዕል ከጥርሱ ጋር አስተያየሁት። በሥዕሉ ላይ የነበረው ጠመኔ ጥርሱ ላይ የለም። አንዲት ስስ የምታብረቀርቅ ጥላ ብቻ ቀርታለች። ያለ መርፌ፣ ያለ መሰርሰሪያ!

“ወይ ጉድ!” አልኩ፣ ታካሚ ፊት መሆኔን ረስቼ።

“ምን አገኛችሁ?” አለ ሾፌሩ ደንግጦ።

“ምንም አላገኘንም፣ አባቴ” አልኩት፣ “እሱ እኮ ነው የገረመኝ።”

ያን ቀን ዶክተር ቆይን ወደድኳት። ደብተሯን ሳገላብጥ ከመቶ በላይ ጥርስ ተስሏል፣ እያንዳንዱ ሦስት አራት ጊዜ፣ ነጩ እያነሰ፣ እያነሰ። እኔና ሽማግሌው ዶክተር እጃችን ፈጣን ነበር፤ እንዲህ ያለ ደብተር ግን አልነበረንም። ሰው ቆሞ በመጠበቅ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስድስተኛው ወር ደረሰ። ፍልቅልቅ ወንበሩ ላይ ወጣች። ዶክተር ቆይ አደረቀች፣ ቆጠረች፣ መስታወቱን ለኔ ሰጠችኝ። “ሲስተር?”

“ሦስቱ ያበራሉ” አልኩ። “ልሙጥ ናቸው። እርጥብ ሲሆኑ አይታዩም።”

“አራተኛዋስ?”

አራተኛዋ ነጭ እንደሆነች ናት፤ መሃሏ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለች ጉድጓድ አለች። መስታወቱን ለዶክተሯ መለስኩ። ፍልቅልቅ በእጇ መስታወት እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“ይህቺ ለምን አልዳነችም? ሁሉንም እኩል ነው እኮ የቀባሁት። አንድም ቀን አልዘለልኩም፣ እማዬ ትመሰክራለች። ምን አጥፍቼ ነው?”

ምን አጥፍቼ ነው ትላለች! ከዚያ ወዲያ እንዴት ዝም ይባላል?

“አንቺ ምንም አላጠፋሽም” አልኩ። “እኔ ነኝ። ያን ቅዳሜ ዳነ ወይስ አልዳነ ብዬ ወጋሁሽ። ሽፋኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ዋሽቼሽም ነበር። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።” እንባዬ ጭምብሌ ውስጥ ገባ። ወደ ዶክተር ቆይ ዞርኩ። “አንቺም ይቅር በይኝ።”

“አውቅ ነበር” አለች በለሆሳስ።

“ምን?”

“ጉድጓዷ ልክ የፕሮብ ጫፍ ናት። ከዚያ መሳቢያ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ማን ይደርሳል?”

“ሦስት ወር ሙሉ እያወቅሽ? ታዲያ ለምን አትናገሪኝም?”

“ቆይ ብዬ ነዋ” አለች። “ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ አይደሉ?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ከጀርባዋ የምጠራትን ስም ሁሉ ታውቃለች። ፍልቅልቅ ዶክተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ በሳቅ ፈነዳች። “እማዬ እኮ ቤትም እንደዚያው ነው የምትልዎት!” እያለች ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረች። በሁለት እጇ መስታወቱን ይዛለች፤ አፏን የሚሸፍን እጅ አልነበራትም።

ዶክተር ቆይ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ፣ “ይህቺንም አንሰረስራትም” አለች። ጥርሷን በስስ የጎማ ጨርቅ ከምራቅ ለየቻት። ላይኛው ሽፋን በስሱ እንዲከፈት አሲድ ያለበት ጄል ቀብታ ሁለት ደቂቃ ጠበቀች፣ አጠበች፣ በአልኮል አደረቀች። አልኮሉ ሲነካት ነጩ ለአፍታ ጥፍት አለ፤ “አያችሁ? ስንጨርስ እንዲህ ትሆናለች” አለች። ከዚያ ሬዚን የሚባል እንደ ውኃ የቀጠነ ሙጫ ጠብ አድርጋ ሦስት ደቂቃ ጠበቀች፤ ፈሳሹ ማዕድኑ በለቀቀው ቦታ ሁሉ ቀስ ብሎ ሲሰርግ መስታወቱን ይዤ አየሁት። በሰማያዊው መብራት አጠነከረችው፣ ደገመችው፣ እኔ የወጋኋትን ጉድጓድ ደግሞ በአንዲት ጠብታ ሙሌት ደፈነች። መሰርሰሪያው መስቀያው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳትጠይቀኝ አንድም ዕቃ አላቀበልኳትም። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም፤ አልቸኮለም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ማንንም አላሳፈረም።

የጎማው ጨርቅ ተነሳ፤ እኔም በእንባ የራሰ ጭምብሌን አወለቅሁ። ፍልቅልቅ መስታወቱን አፏ ድረስ አስጠግታ አየች። አራቱንም ቆጠረቻቸው፣ በጣቷ እየነካች። ከዚያ ያ የድሮው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ የምትስቀው ሳቅ መጣ፣ ክፍሉን ሞላው። ዶክተር ቆይ ሳቀች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ እጄም እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ።

ልጄ ከወንበሩ ላይ ተንጠራርታ አንጓዬን ያዘችኝ።

“እማዬ፣ ይሄን ነገር እኮ ካንቺ ነው የለመድኩት” አለችና እጄን ቀስ አድርጋ አወረደችው።

አወረድኩላት። ሃያ ዓመት ሙሉ የደበቅኩት ሽቦ እየታየ፣ ሳቅሁ።